ስለ ባዮጋዝ በደጋ አገር፤ እበቱ ለምድጃ ወይስ ለማሳ?

በጉና ግርጌ፣ በመንዝ፣ በላስታና በሰሜን ተራሮች የሚኖረው ገበሬ ካሉበት ችግሮች አንዱና ከባዱ የማገዶ ችግር ነው። ዛፉ ከብዙ ዘመን ጀምሮ እየተቈረጠ ስላለቀ፣ በብዙ ቀበሌ ምድጃው የሚነደው በኩበት ነው። ሴቶችና ልጆች ከበረት የወጣውን እበት ይጠፈጥፋሉ፤ በፀሐይ ያደርቁታል፤ ከቤቱ አጠገብ ከምረው ለክረምት ያኖሩታል። ይህ ልማድ ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ ሌላ የሚነድ ነገር ስለ ጠፋ ነው። ዳሩ ግን ያው እበት ወደ ማሳ ቢሄድ ኖሮ ገብሱን የሚያፋፋ ፍግ በሆነ ነበር። ስለዚህ በደጋ አገር ምድጃና ማሳ በአንድ ቅርጫት እበት የሚሟገቱ ሁለት ባለጉዳዮች ናቸው፤ እስከ ዛሬም አብዛኛውን ጊዜ የሚረታው ምድጃው ነው።

ባዮጋዝ የሚባለው ዘዴ እነዚህን ሁለቱን ሊያስታርቅ ይችላል። እበቱ በመጀመሪያ ለምድጃው ጋዝ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ዝቃጭ ወደ ማሳ ይሄዳል። ነገር ግን በሞቃት አገር የተፈተነ ነገር ሁሉ በውርጭ አገር እንዲሁ ይሠራል ብሎ ማሰብ አይገባም። ሲሚንቶ በበቅሎ ተጭኖ ተራራ ከወጣ በኋላ፣ ጉድጓዱ ተቈፍሮ ከተገነባ በኋላ ጋዙ እንቢ ቢል፣ የሚጐዳው ገበሬው ብቻ አይደለም፤ ይህን ያየ ጎረቤት ሁሉ ለሃያ ዓመት ያህል ነገሩን ዳግመኛ መስማት አይፈልግም። ስለዚህ ገበሬውን የሚያስተምሩ መምህራንና የግብርና ባለሙያዎች ከጥቅሙ ጋር ገደቡንም ጠንቅቀው እንዲያውቁት ያስፈልጋል።

የጋዙ አፈጣጠር

እበት በውሃ ተበጥብጦ አየር በማይገባበት ስፍራ ሲቀመጥ፣ በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ይበሉታል። እነርሱ ሲበሉ የሚወጣው ጋዝ ከመቶው ከ55 እስከ 70 የሚሆነው ሚቴን ይባላል፤ የሚነደውም ይኸው ነው። የቀረው አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ እንደ ተበላሸ ዕንቍላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝም በጥቂቱ አለበት። ይህ ሽታ ባይወደድም ይጠቅማል፤ ጋዙ በቤት ውስጥ የሚያፈተልክ እንደ ሆነ የሚያስታውቀን እርሱ ነውና። ኢጣሊያዊው ሊቅ አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1776 ከሐይቅ ዳር ጭቃ የሚወጣውን አረፋ ሰብስቦ በእሳት እንደሚያያዝ ሲመረምር ያገኘው ሚቴኑን ነበር።

በአገራችን የሚሠራው ማብላያ ከመሬት በታች የሚቀበር፣ በድንጋይ ወይም በጡብና በሲሚንቶ የሚገነባ፣ ላዩ እንደ ጉልላት የሆነ ጉድጓድ ነው። በአንድ በኩል የእበት ማስገቢያ፣ በሌላው በኩል የዝቃጭ መውጫ አለው። ጋዙ በጉልላቱ ሥር ሲጠራቀም ከበታቹ ያለውን ብጥብጥ እየገፋ ወደ መውጫው ገንዳ ከፍ ያደርገዋል። በምድጃው በኩል ቫልቩ ሲከፈት ደግሞ ከፍ ያለው ብጥብጥ ወደ ታች ይመለስና ጋዙን በቧንቧው ይገፋዋል። ዝገት የሚበላው ተንቀሳቃሽ ብረት ስለሌለበት በደንብ የተገነባ እንደ ሆነ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ጉልላቱ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ግን ጋዙ ሳይታይ ይጠፋል፤ ስለዚህ የግንበኛው ሙያ ከሲሚንቶው ብዛት ይበልጣል።

ንድፉ ከወዴት መጣ?

የእኛ አገር ንድፍ የመጣው እንደኛ ተራራማ ከሆነችው ከኔፓል ነው። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1955 አባ ሶቦል የተባሉ የኢየሱሳውያን ማኅበር መምህር፣ ከካትማንዱ አጠገብ በጎዳቫሪ በሚገኘው ትምህርት ቤት፣ በአሮጌ በርሜል እበት አብላልተው ጋዝ አወጡ። ይህ ለብዙ ጊዜ የአንድ መምህር ሙከራ ሆኖ ቈየ። ሰፊ ሥራ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1992 በኔዘርላንድ ርዳታ የባዮጋዝ ድጋፍ ፕሮግራም ከተቋቋመ ወዲህ ነው። ለሥራው የተመረጠው ንድፍ «2047» የሚል ቍጥር አለው፤ ኔፓሎች እንደኛው የራሳቸው የዘመን አቈጣጠር ስላላቸው፣ የእነርሱ 2047 በአውሮጳ አቈጣጠር 1990 ማለት ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በኔፓል ከ300,000 በላይ ቤተ ሰቦች ማብላያ ሠርተዋል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ በሜዳውና በመካከለኛው ኮረብታ ናቸው፤ በረዶ ወዳለበት ወደ ሂማላያ ከፍታ የወጡት ጥቂት ናቸው። የተራራ ሕዝብ መሆን ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ እንማራለን።

በኢትዮጵያ ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም ከመጀመሩ በፊት በልዩ ልዩ ድርጅቶች 1,000 ያህል ማብላያዎች ተሠርተው ነበር፤ ፕሮግራሙ ሲታቀድ ከመቶው 40 ያህሉ የማይሠሩ ሆነው ተገኙ። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀመር የኔፓሉ ንድፍ ለአገራችን እንዲስማማ ተደርጎ «ስንዱ» ተባለ። እ.ኤ.አ. እስከ 2013 ድረስ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች 14,000 ማብላያ ለመሥራት ታቅዶ ከ8,000 ጥቂት የሚበልጥ ተፈጸመ። ይህ ቍጥር ከዕቅዱ ቢያንስም ቀድሞ ከነበረው እጅግ ይበልጣል። ነገር ግን በእኔ አስተያየት ሥራው መመዘን ያለበት በተገነባው ሳይሆን በሦስተኛውና በአምስተኛው ዓመት እየነደደ በተገኘው ነው።

ብርድና ከፍታ

እበቱን የሚበሉት ጥቃቅን ሕያዋን ደስ የሚላቸው ወደ 35 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት፣ ማለት ከሰው ገላ ጥቂት ዝቅ ባለ ሙቀት ውስጥ ነው። ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ሥራቸው በጣም ይዘገያል፤ ከ10 በታች ሲወርድ ሊቆም ጥቂት ይቀረዋል። በሌላ በኩል፣ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ላይ ባለ አገራችን የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ15 ዲግሪ በታች ነው። ጥልቅ መሬት ደግሞ የሚይዘው ይህንኑ አማካይ ሙቀት ነው። የሌሊቱ ውርጭ ወደ ጉድጓዱ ባይደርስም፣ የቀትሩም ፀሐይ አይደርስለትም ማለት ነው።

ከዚህም በቀር ሰዎች የማያስተውሉት ሌላ ነገር አለ። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶው ወደ 70 ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ሜትር ኩብ ጋዝ በዚያ ከፍታ በውስጡ የያዘው ነዳጅ በቆላ ከሚይዘው ያነሰ ነው። ውሃም የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ባቄላና አተር ለመብሰል ረዥም ጊዜ ይፈልጋሉ። ጋዙ ጥቂት፣ ማብሰያው ጊዜ ረዥም ሆነ። የደጋ ባለቤት ባቄላዋን ከማታ ጀምሮ በውሃ ብትዘፈዝፍ ከጋዟ ብዙ ታተርፋለች።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት እበቱ በጉድጓዱ ውስጥ የሚቈይበትን ጊዜ ማስረዘም ነው። በኔፓል ለሜዳው አገር 55 ቀን፣ ለኮረብታው 70 ቀን ተብሎ ተቀምሯል። ለኮረብታው የተሰጠው ልክ በአንድ ሜትር ኩብ ማብላያ በቀን 6 ኪሎ እበት ነው። በዚህ ልክ 6 ሜትር ኩብ የሆነ ማብላያ በየቀኑ 36 ኪሎ እበትና 36 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ትኵስ እበት በመልካም ሙቀት 40 ሊትር ያህል ጋዝ ስለሚሰጥ፣ በቀን 1,440 ሊትር ይገኛል። አንድ ተራ የጋዝ ምድጃ በሰዓት 400 ሊትር ያህል ስለሚበላ፣ ይህ ለሦስት ሰዓት ተኩል ይበቃል። በብርድ ጊዜ ግን ወደ ግማሹ ሊወርድ እንደሚችል ለቤተ ሰቡ አስቀድሞ መንገር ይገባል። ሳይነገረው የቀረ ገበሬ በኅዳርና በታኅሣሥ ነበልባሉ ሲደክም ማብላያው የተበላሸ መስሎት መመገቡን ይተወዋል፤ መመገቡ ሲቆም ደግሞ በእውነት ይበላሻል።

ሁለተኛው ሙቀቱን መጠበቅ ነው። ጉድጓዱ ፀሐይ በሚያገኘው የግቢው ወገን ይቈፈር፤ ከበረት ጋር ይጠጋ። ጉልላቱ በደንብ በአፈር ይሸፈን፤ ብርዱ ከመግባቱ በፊትም ጭድና ፍግ ይከመርበት። የሚብላላ ፍግ ራሱ ሙቀት ስለሚሰጥ እንደ ጋቢ ሆኖ ያገለግለዋል። የደጋው በጋ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ብርቱ ፀሐይ ነው፤ ስለዚህ በማለዳ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ ወዲያውኑ አይፍሰስበት፤ ጀሪካኑ እስከ ቀትር በፀሐይ ላይ ይቀመጥና እበቱ በዚያን ጊዜ ይበጥበጥ። ይህ ምንም ወጪ የለበትም፤ ሆኖም ሲደረግ እምብዛም አይታይም። በክረምትም የጎርፍ ውሃ ወደ ማስገቢያው እንዳይገባ ቦይ ይቈፈርለት፤ ጎርፍ ብጥብጡን ያቀጥነዋል፤ ያቀዘቅዘዋልም።

በደቡብ አሜሪካ፣ በቦሊቪያና በፔሩ ተራሮች፣ እስከ 4,000 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ሌላ መንገድ ተሞክሯል። በዚያ ማብላያው ረዥም የፕላስቲክ ከረጢት ነው። ከረጢቱ ጭድ በተነጠፈበት ቦይ ውስጥ ይጋደማል፤ በዙሪያው የጭቃ ጡብ ግድግዳ ይሠራለታል፤ ላዩ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ይከደናል። የቀኑን ፀሐይ ግድግዳው ይይዝና ሌሊት ይመልስለታል። ዋጋው ከግንቡ ያነሰ ነው፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ የከብት ቀንድና የልጆች በትርም ጠላቶቹ ናቸው። በእኛ ደጋ ሲሚንቶ ማድረስ በማይቻልበት ስፍራ ሊሞከር የሚገባው ይመስለኛል።

ውሃውን የሚቀዳው ማን ነው?

በቀን 36 ሊትር ውሃ ሁለት ጀሪካን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። በዓመት ከ13,000 ሊትር ይበልጣል። ማብላያውን ለማሠራት የሚፈርመው አባወራው ነው፤ ውሃውን በጀርባዋ አዝላ አቀበት የምትወጣው ግን ባለቤቱ ወይም ልጃቸው ናት። ቀድሞ ማገዶ ስትለቅም የምታጠፋው ጊዜ በውሃ መቅዳት ተተክቶ ከሆነ ምን አተረፈች? የብሔራዊው ፕሮግራም መመዘኛ ቢያንስ አራት ከብትና ከግማሽ ሰዓት መንገድ የማይርቅ ውሃ ነው። በተራራ አገር ግን ይህ ግማሽ ሰዓት ባዶ ጀሪካን ይዞ ቍልቍለት ሲወርዱ ነው ወይስ ተሸክሞ ሲመለሱ ነው ተብሎ መጠየቅ አለበት። ስለዚህ መዝጋቢው ሠራተኛ ወደ ቤቱ ሲሄድ በመጀመሪያ እማወራዋን ያነጋግር። እርሷ ያልተጠየቀችበት ማብላያ ባይሠራ ይሻላል።

ውሃው ሩቅ ከሆነ የሚቀነስባቸው መንገዶች አሉ። የበረቱ ወለል ድንጋይ ተነጥፎበት ወደ ማስገቢያው ያዘነበለ እንደ ሆነ የከብቱ ሽንት ራሱ ወርዶ ከውሃው ድርሻ ጥቂቱን ይተካል። እህል የታጠበበት ውሃም ይሆናል፤ ሳሙና ያለበት ግን ጥቃቅኖቹን ሕያዋን ስለሚጐዳ አይጨመር። የቆርቆሮ ጣራ ያለው ሰው በክረምት ከጣራው ያጠራቅም።

የከብቱም ቍጥር በወረቀት ላይ እንደ ተጻፈው አይጸናም። ቀን በመስክ የዋለ ከብት እበቱን ግማሽ ያህል በመስክ ይጥላል፤ የሚሰበሰበው የሌሊቱ ብቻ ነው። በሬው በመቀናጆ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል፤ ላሟ ለልጅ ድግስ ትሸጣለች። ስለዚህ ስድስት ሜትር ኩብ ሠርቶ በግማሽ ሆዱ ከማሳደር አራት ሜትር ኩብ ሠርቶ ማጥገብ ይበልጣል፤ ለዚህኛው በቀን 24 ኪሎ እበት ይበቃዋል። የመጀመሪያው ሙሊት ግን ብዙ ነው፤ ለስድስቱ ሜትር ኩብ 2,000 ኪሎና ከዚያም በላይ እበት ስለሚያስፈልግ፣ ግንባታው ሳያልቅ ከሳምንታት በፊት እንዳይደርቅ እየተሸፈነ መጠራቀም አለበት።

የእንጀራ ነገር

ገበሬው ሁልጊዜ የሚጠይቀው «እንጀራ ይጋግራል ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ በአገራችን ቤት ከሚነደው ማገዶ ግማሹን ወይም ከዚያ የሚበልጠውን የሚበላው ምጣዱ ነውና። መልሱም በግልጽ መሰጠት አለበት። ከማብላያው ጋር የሚሰጠው ተራ ምድጃ ወጥ ይሠራል፤ ቡና ያፈላል፤ ገንፎ ያገነፋል፤ ቆሎ ይቈላል፤ እንጀራ ግን አይጋግርም። ለምጣድ የሚሆኑ ሰፋፊ የጋዝ ምድጃዎች ተሠርተው ተሞክረዋል፤ ነገር ግን ብዙ ጋዝ ስለሚፈልጉ፣ በብርድ አገር ያለ ትንሽ ማብላያ አይችላቸውም። ስለዚህ ለመጋገሪያ ማገዶ ቈጣቢ የሆነውን ምርጥ ምድጃ ከጋዙ ጋር ማጣመር ያስፈልጋል፤ ለእርሱም በግቢው ጠርዝ ጥቂት ባሕር ዛፍ መትከል። ይህን ሳይናገር «ከእንግዲህ ጭስ አታዩም» የሚል ሠራተኛ ከአንድ ወር በኋላ ወደዚያ ቤት ለመግባት ያፍራል።

ስለ መብራትም አንድ ቃል ልጨምር። ቀድሞ የጋዙ ፋኖስ ትልቅ ስጦታ ነበር። አሁን ግን ትንንሽ የፀሐይ ፋኖሶች ወደ ገጠሩ ሁሉ ስለ ገቡ፣ በደጋ ያን ውድ ጋዝ ለመብራት ማዋል አባካኝነት ነው፤ ለድስቱ ይተው።

ስለ ጥንቃቄ

ማብላያው መጀመሪያ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ከአየር ጋር የተደባለቀ ስለሆነ ሳይለኰስ ይለቀቅ። ሚቴን በአየር ውስጥ ከመቶው ከ5 እስከ 15 ሲሆን በእሳት ይፈነዳል። በቤት ውስጥ የተበላሸ ዕንቍላል ሽታ የተሰማ እንደ ሆነ ክብሪት አይጫር፤ በርና መስኮት ይከፈት፤ ቫልቩ ይዘጋ። ባዶ መስሎ የታየውን ጉድጓድ ለመጥረግ ማንም ሰው አይግባበት፤ በውስጡ የሚተነፈስ አየር የለምና ገብቶ የወደቀውን ለማውጣት የሚገባውም አብሮ ይሞታል። በቧንቧው ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ በየጊዜው ይፍሰስ፤ በብርድ አገር ጤዛው ብዙ ስለሆነ ይህ ከቆላው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ያስፈልጋል። ነበልባሉ የሚንቀጠቀጥ እንደ ሆነ ምልክቱ ይኸው ነው።

ዝቃጩ

አሁን ወደ ማሳው እንመለስ። ኩበት ሲነድ በእበቱ ውስጥ የነበረው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ የሚቀረው አመድ ነው፤ አመዱንም ወደ እርሻ የሚወስደው ሰው ጥቂት ነው። በማብላያው ውስጥ ግን ወደ ጋዝ የሚለወጠው በተለይ ካርቦኑ ነው፤ ናይትሮጅኑ ከዝቃጩ ጋር ይቀራል። ከዚያውም ከፊሉ ተክል ቶሎ ሊወስደው በሚችል መልክ ይለወጣል። ጉዳቱ ግን ይኸው መልክ በፀሐይና በነፋስ ቶሎ የሚተን መሆኑ ነው። ዝቃጩን አውጥቶ በሜዳ ላይ ሲደርቅ መተው ከኩበት ብዙም አይሻልም።

ስለዚህ ከመውጫው አጠገብ ሁለት ጉድጓድ ይቈፈር፤ ላያቸው በዳስ ይጠለል። ዝቃጩ ከጭድ፣ ከገለባና ከአረም ጋር በየድርቡ ይከመር፤ አንዱ ሲሞላ ወደ ሁለተኛው ይዛወር። ሳይከመር እንደ ወጣ የሚፈስስ ከሆነ ደግሞ በጓሮው ጎመንና ድንች መካከል ቦይ ቀዶ ማፍሰስና ያን ጊዜውኑ አፈር ማልበስ ነው። መጸዳጃ ቤት ከማብላያው ጋር ያገናኘ ሰው፣ በኔፓል ብዙዎች እንደሚያደርጉት፣ ዝቃጩን ጥሬውን በሚበላ አትክልት ላይ አያፍስስ።

ገበሬ ዐይኑ ያላየውን አያምንም፤ መልካምም ያደርጋል። ስለዚህ ባለሙያው በየቀበሌው አንድ ቤተ ሰብ መርጦ ከአንድ የገብስ ማሳ እኩል የሆኑ ሁለት መደቦችን ይለይ፤ አንዱ የዝቃጭ ፍግ ይግባበት፤ አንዱ እንደ ልማዱ ይዘራ። ዘሩም፣ የሚዘራበትም ቀን፣ አረሙም አንድ ይሁን። በአጨዳ ጊዜ የሁለቱ ነዶ ሳይደባለቅ ለየብቻ ይከመር፤ ለየብቻ ይወቃ፤ ገብሱም ጎረቤቶች በተሰበሰቡበት አውድማ በአንድ ቁና ተሰፍሮ ቍጥሩ በመዝገብ ይጻፍ። ሁለተኛውንም ዓመት በዚያው መሬት ይደገም፤ የፍግ ኀይል በአንድ ክረምት ስለማያልቅ የሁለተኛው ዓመት ቍጥር ከመጀመሪያው ጎን ይቀመጥ።